የድሬ ውሃ ካልሲየም ደም ሥር ያጠባል ወይ?

ክሩ፣ ማለትም ይህ የኢንተርኔት ጥያቄና መልስ፣ የተከፈተው ማታ ነው። መብራት ሄዶ የመጣ ሰዓት መሆን አለበት፤ መልሱ በላይ በላዩ ዘነበ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እዚህ የምተርከው በራሴ አፍ ነው፣ ቁጥሮቹ ብቻ የመልሶቹ ናቸው።

ከፋቿ የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነች። አባቷ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ግፊት ተገኘባቸውና አምሎዲፒን ታዘዘላቸው። ክኒኑን የሸጠላቸው ሰው ሥራው ካልሲየምን ማገድ እንደሆነ ነገራቸው። አባባ ቤት ገብተው አሰቡበት። ካልሲየም የሚታገድ ከሆነ ካልሲየም ጠላት ነው ማለት ነው። የድሬ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያን ነጭ ቅርፊት የሚያለብስ ውሃ ነው። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ እርም አሉ። ወተትም ተዉ፣ የግመሉን ሳይቀር። አሁን የታሸገ ውሃ ብቻ ነው የሚጠጡት፤ ጡረታቸውም እዚያው ላይ እያለቀ ነው። ልጅቷ የምትጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ደም ሥር ያጠባል ወይስ አባባ በከንቱ ነው የሚጨነቁት?

ይስቁባታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጥያቄው ግን አያስቅም። ደም ሥር የሚጠበው በእርግጥ በካልሲየም ነው። አባባ የሳቱት አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ጉዳይ ካልሲየሙ ስንት መሆኑ አይደለም፣ መቼ ወደ ደም ሥሩ የጡንቻ ሴል እንደሚገባና ማን እንደሚያስወጣው ነው። ክሩ እዚህ ድረስ ለመድረስ ግን ብዙ ተንከራተተ።

ቁጥር 1 ሰላምታና ምርቃት ነው። ለአባባ ጤና ተመኘ፣ የሱም እናት ያንኑ ክኒን እንደሚውጡ ነገረን፣ ሄደ። መልስ የለውም፣ ጨዋ ነው።

ቁጥር 2 እርግጠኛው ሰውዬ ነው። ቀፊራ ገበያ እንደሚነግድ ይናገራል። ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ኖራ ደም ሥር ውስጥም እንደሚጋገር፣ አባባም ልክ እንደሆኑ ፈረደ። ለማስረጃ በከተማው ዙሪያ ያለው ድንጋይ ለሲሚንቶ የሚፈጭ መሆኑን ጠራ። ይሄ እንኳን እውነት ነው። ድሬዳዋ የሲሚንቶ ከተማ ናት፣ ውሃዋም በኖራ ድንጋይ መሃል ሰርስሮ ነው የሚመጣው። ከድንጋዩ ወደ ደም ሥር የዘለለው ዝላይ ነው ያስቸገረው። ላይኩ ግን ብዙ ነበር፤ እርግጠኛ ሰው ሁሌም ላይክ አያጣም።

ቁጥር 3 ላይ አንዲት ፋርማሲስት ገባች። ከዚራ አካባቢ ነው የምትሠራው። ረጋ ብላ ነው የጻፈችው። ማንቆርቆሪያው ላይ ኖራ የሚጋገረው ውሃው ስለሚፈላ እንደሆነና ደማችን ደግሞ እንደማይፈላ አስታወሰች። የደም ካልሲየም የሚኖረው በጠባብ ክልል ነው፣ በዴሲሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም ድረስ። ጠባቂዎቹ አንገት ላይ ያሉ አራት ትንንሽ ዕጢዎች ናቸው። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶው አጥንት ውስጥ ነው። ካልሲየም ያነሰው ምግብ ከበላን አጥንት ያበድራል። ከበዛም አንጀት ይቀንሳል፣ ኩላሊት ይደፋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ጣሪያ የለም። ክኒኑስ? ከደም ውስጥ አንዲት ካልሲየም አይቀንስም። የሚሠራው ደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ባሉት የጡንቻ ሴሎች ሽፋን ላይ ነው።

ቁጥር 4 አልተቀበላትም። ካልሲየም ጎጂ ካልሆነ ለምን ይታገዳል ብሎ ጠየቀ። የመድኃኒት ነጋዴዎች ነገር ነው የሚል ጎንተል አድርጎም አለፈ። ንግግሩ ሻካራ ነው። ጥያቄው ግን ጥሩ ነበር፤ ያለሱ ቁጥር 5 ባልተጻፈም።

ቁጥር 5 ሐረር ውስጥ ፊዚዮሎጂ፣ የሰውነትን አሠራር፣ የሚያስተምር ሰው ነው። ረጅም ነው፤ በስልክ ለሚያነብ ሰው ጣት ያደክማል። ለኔ የክሩ እምብርት እሱ ስለሆነ እኔም ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ያለው ልሙጥ ጡንቻ ይባላል። እንደ ፈቃዳችን የምናዘው አይደለም። አንጀት፣ ማሕፀን፣ ፊኛ፣ የአየር ቧንቧ ሁሉ ይሄው ጡንቻ አላቸው። ትንሽ ሲኮማተር ለውጡ ትልቅ ነው፤ የአንድ ደም ሥር ራዲየስ በግማሽ ቢቀንስ ደሙን የሚገጥመው እንቅፋት 16 እጥፍ ይሆናል። ግፊትን የሚሠሩት በአብዛኛው ቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ናቸው።

አሁን ወደ ሴሉ። ከሴሉ ውጭ ነፃ ካልሲየም በሊትር 1.2 ሚሊሞል ገደማ አለ። ጡንቻው ሲያርፍ በውስጡ ያለው 0.0001 ሚሊሞል አካባቢ ነው። ልዩነቱ ከ10,000 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ካልሲየም ሁልጊዜ ለመግባት ይገፋል። የሚያስገባው ደግሞ ቻናል ነው፤ ሴሉ ሽፋን ላይ የተተከለ ፕሮቲን፣ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ፣ በር ያለው። በልሙጥ ጡንቻ ላይ ዋናው ኤል ታይፕ የሚባለው የካልሲየም ቻናል ነው፤ አምሎዲፒን የሚዘጋውም ይህንኑ ነው። በሩን የሚከፍተው ኤሌክትሪክ ነው። የሴሉ ውስጥ ከውጩ ጋር ሲነጻጸር ከ40 እስከ 60 ሚሊቮልት አሉታዊ ነው። ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ ጠጋ ሲል በሮቹ በብዛት ይከፈታሉ፣ ሲርቅ ይዘጋሉ። በጥቂት ሚሊቮልት ለውጥ ብቻ ደም ሥሩ ይጠባል ወይም ይሰፋል።

የገባው ካልሲየም ካልሞዱሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ኤንዛይም ይቀሰቅሳሉ። ኤንዛይሙ ማዮሲን በሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፣ ማዮሲኑም አክቲን የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ይዞ ይጎትታል። ጡንቻው ጠበቀ ማለት ነው። ለመላላት ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ሌላ ኤንዛይም ፎስፌቱን ይነቅላል፣ ካልሲየሙም ይወጣል። የማስወጣቱ ሥራ የፓምፖች ነው። አንዱ ፓምፕ በሴሉ ሽፋን በኩል ወደ ውጭ ይገፋል። ሌላው ሴሉ ውስጥ ወዳለ ማከማቻ ይሰበስባል። ሁለቱም ነዳጅ ይፈጃሉ፣ ምክንያቱም ካልሲየም ራሱ መግባት ወደሚፈልግበት በተቃራኒ ነው የሚወሰደው።

የፖታሲየም ቻናሎችም አሉ። ሲከፈቱ ፖታሲየም ከሴሉ ይወጣል፣ ውስጡ ይበልጥ አሉታዊ ይሆናል፣ የካልሲየሙ በር ይዘጋል። መምህሩ እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1995 ማርክ ኔልሰንና ባልደረቦቹ፣ ከውስጠኛው ማከማቻ በጥቂት በጥቂቱ ብልጭ የሚል ካልሲየም አንዳንዶቹን የፖታሲየም ቻናሎች እንደሚከፍት አሳዩ። ያ ካልሲየም ጡንቻውን አላጠበቀውም፣ ይልቁንም እንዲላላ አደረገው። ያው ካልሲየም የት ጋ እንደፈሰሰ ነው ሥራውን የሚወስነው። አባባን ጠርቼ ላነብላቸው የፈለግሁት ይቺን ነበር።

ቁጥር 6 ቀልደኛ ነው። መምህሩ ፈተና ያወጣ ይሆን ብሎ ጠየቀ፣ ሐረሮች የእኛኑ ውሃ እየጠጡ እኛኑ ያስተምሩናል ብሎም ነካካ።

ቁጥር 7 ከጀጎል ውስጥ የምትጽፍ ልጅ ናት። አልተቀየመችም፣ እንደውም ቀልዱን ቀምታ ሥራ አሠራችው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ሐረር የምትጠጣው ከድሬ ቆላ፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች ነው። ውሃው ረጅም ዳገት ይወጣል። ውሃ በራሱ ቁልቁል ይወርዳል እንጂ አይወጣም፤ የሚያወጣው ፓምፕ ነው፣ ፓምፑም መብራት ይፈልጋል። መብራት ከጠፋ ሐረር ትደርቃለች። የሴሉም ፓምፕ ነገር እንዲሁ ነው አለች። ቻናሉ ቁልቁል ያፈሳል፣ ክፍያ የለውም። ፓምፑ ዳገት ያወጣል፣ ሒሳብ ይመጣበታል። አቦ፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ቁጥር 8 መሐንዲስ ነኝ ባይ ነው፣ ማረም ይወዳል። የሐሰሊሶው ፓምፕ አንድ ነገር ብቻ እንደሚገፋ፣ የሴሉ ዋና ፓምፕ ግን እንደሚለዋውጥ ጻፈ። ሦስት ሶዲየም ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ይህን ፓምፕ ዴንማርካዊው የንስ ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 ከሸርጣን ነርቭ ላይ አገኘው፣ ኖቤሉን የተሸለመው ግን በ1997 ነው። መሐንዲሱ አርባ ዓመት መጠበቅን ከመንግሥት ክፍያ ጋር አያይዞ አላገጠ። እርማቱ ትክክል ነው፤ የልጅቷን ነጥብ ግን አላፈረሰም፣ እሱ እንዳፈረሰ ቢሰማውም።

ከ9 እስከ 11 ስለ ውሃ ፈረቃ ነው። የትኛው ሰፈር ስንት ቀን እንደጠፋበት፣ ማን በጀሪካን እንደሚነግድ፣ ማንቆርቆሪያ በሎሚ እንዴት እንደሚጸዳ። የሎሚው ይሠራል። ሌላውን አልፌዋለሁ።

ቁጥር 12 ክሩን ወደ ቦታው መለሰችው። ነርስ ናት። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ በክንድዎ የሚገባው ሪንገር የሚሉት ግሉኮስ አይደለም፣ የሰው ስም ነው ብላ ጀመረች። ሲድኒ ሪንገር ለንደን ውስጥ የሚሠራ ሐኪም ነበር። የእንቁራሪት ልብ አውጥቶ በጨው ውሃ ውስጥ ሲያስቀምጠው ለረጅም ሰዓት ይመታ ነበር። ኋላ ሲያጣራ የጨው ውሃው የተሠራው በተጣራ ውሃ ሳይሆን በለንደን የቧንቧ ውሃ ሆኖ ተገኘ። በተጣራ ውሃ ሲሠሩት ልቡ ቆመ። የቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነበር ልቡን ያስመታው። እ.ኤ.አ. 1883 ነው። እንግዲህ አባባ የሸሹት የቧንቧ ውሃ ዓይነት ነው ካልሲየም ለጡንቻ ያለውን ሥራ ለዓለም የገለጠው። ይህን የጻፈችው ያለ ምንም ማሾፍ ነው። እኔ ግን ብቻዬን ሳቅሁ።

ቁጥር 13 ላይ መምህሩ ተመልሶ፣ አመስግኖ፣ ጥንቃቄ ጨመረ። የልብ ጡንቻና ልሙጥ ጡንቻ አንድ አይደሉም። ልብ ውስጥ ካልሲየም የሚጣበቀው ትሮፖኒን የሚባል ፕሮቲን ላይ ነው፣ ልሙጥ ጡንቻ ግን ትሮፖኒን የለውም። ለዚህ ነው ልሙጡ ቀስ ብሎ የሚጀምረው፣ ቀስ ብሎም የሚለቀው። አምሎዲፒን ከልቡ ይልቅ ደም ሥሩ ላይ ይበረታል። የዚያው ቤተሰብ መድኃኒት የሆነው የቬራፓሚል ነገር ግን ይለያል፣ እሱ ልብንም ያዘገያል።

ቁጥር 14 ጂም የሚሠራ ልጅ ነው። እሱ ክንዱን ለደቂቃዎች አጥፎ መያዝ ሲያቅተው ደም ሥር እንዴት ዕድሜ ልክ ሳይደክም እንደሚይዝ ጠየቀ። ከክሩ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው። መምህሩ በቁጥር 15 አጭር መልስ ሰጠው። ልሙጥ ጡንቻ አንዴ ከያዘ በኋላ የማዮሲኑ እጆች ቶሎ ቶሎ አይለቁም፣ በጣም ትንሽ ነዳጅ እየፈጁ ይዘው ይቆያሉ። የክንድ ጡንቻ እንዲህ ማድረግ አይችልም።

ከዚያ ጫት መጣ። ድሬ ላይ የግፊት ወሬ ተወርቶ ጫት አይቀርም።

ቁጥር 16 አባባ ቃሚ መሆናቸውን ጠርጥሮ፣ ውሃውን ትተው ከሰዓት በኋላ የሚይዙትን እንዲመረምሩ መከረ። አነጋገሩ አስቀያሚ ነው። ቁጥር 17 ከፋቿ ናት፤ ተቆጣች። አባቷ ሠርተው ያሳደጉ ሰው መሆናቸውን፣ ማንም በማያውቀው ሰው ላይ እንዲህ መጻፍ እንደሌለበት ነገረችው። ልክ ነች። ቁጥር 18 ደግሞ ራሱ ቃሚ ነው፣ ለአባባ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። በርጫ ላይ ተቀምጠው ዘጠና ዓመት የደፈኑ ሰዎችን ቆጠረ። ለጥቂት ጊዜ ስድብ ብቻ ነበር።

ፋርማሲስቷ በቁጥር 20 ማንንም ሳትነካ ገባች። ትኩሱ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ከጫት ገበያዋ ከአወዳይ መኪናው እንዲያ የሚበርረው ቅጠሉ ሲቆይ ካቲኖኑ ስለሚቀንስ ነው። ካቲኖን ከነርቭ ጫፍ ኖራድሬናሊን የሚባል ኬሚካል ያስለቅቃል። ኖራድሬናሊኑ ልሙጥ ጡንቻው ላይ ካለው መቀበያ ጋር ሲገናኝ ከውስጠኛው ማከማቻ ካልሲየም ይለቀቃል። በዚያ ላይ ፎስፌቱን የሚነቅለውን ኤንዛይም ያዳክማል። ስለዚህ ደም ሥሩ ይጠባል፣ ልብም ይፈጥናል። አምሎዲፒን የሚዘጋው የውጭውን በር ነው፤ ከውስጥ ማከማቻ የሚለቀቀውን በቀጥታ አይከለክልም። ግፊት ያለበት ሰው በርጫ ላይ ሲቀመጥ ክኒኑ አንድ እጁን ታስሮ ነው የሚሠራው። ይህን ካለች በኋላ ቁጥር 18 አልተመለሰም። ላያምን ይችላል፣ ግን ዝም አለ።

ቁጥር 21 ከፋቿ ነች፣ አሁን ተረጋግታለች። ሌላ ነገር ይዛ መጣች፤ የአባባ ቁርጭምጭሚት ማታ ማታ ያብጣል። ቁጥር 22 ወዲያው የሚያሸና መድኃኒት እንዲገዙ አዘዘ። ላሲክስ፣ በእርግጠኛነት፣ ከነመጠኑ። ፋርማሲስቷ እዚህ ጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጣ አለች። በቁጥር 23 የጻፈችው ደረቅ ነው። እብጠቱ ከውሃ ብዛት አይደለም። አምሎዲፒን ወደ ቀጫጭኖቹ ካፒላሪዎች የሚያስገቡትን ደም ሥሮች ያሰፋል፣ የሚያስወጡትን ደም መላሾች ግን ያን ያህል አያሰፋም። እዚያ መሃል ግፊቱ ይጨምርና ፈሳሹ ወደ ሥጋው ይሰርጋል፣ በስበትም እግር ላይ ይጠራቀማል። የሚያሸናው መድኃኒት ይህን እምብዛም አይፈታም፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ፖታሲየምና ውሃ ያሳጣቸዋል። የሚሻለው ያዘዘው ሐኪም ጋ ተመልሰው መጠኑን ማስቀነስ ወይም ሌላ መድኃኒት ማስጨመር ነው። እብጠቱ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ወይም በአንድ እግር ብቻ ከሆነ ግን ቀን መጠበቅ የለም። ቁጥር 22 መልሱን አጠፋው። ያየነው አይተናል።

ቁጥር 24 አንድ የቆየ ታሪክ አመጣ። አጎቱ ግፊታቸው ሲያሻቅብ፣ ስሙን ያልጠቀሰው አንድ ክሊኒክ ውስጥ የኒፈዲፒን ካፕሱል በስተው ምላስ ሥር አደረጉላቸው። ግፊቱ ቁልቁል ወረደ፣ አጎትየው ግን ራሳቸውን ስተው ወደቁ። መምህሩ በቁጥር 25 ምክንያቱን ተናገረ። እሱም የዚያው ቤተሰብ መድኃኒት ነው፣ ያንኑ በር ነው የሚዘጋው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። ብዙ በር በአንዴ ሲዘጋ ግፊት በደቂቃዎች ይወድቃል፣ አንጎልና ልብም ደም ሊያጥራቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህ አሰራር እንዲቀር ተጽፏል። አሁንም የሚያደርገው ካለ ይተው።

ቁጥር 26 የኩላሊት ጠጠሩን አነሳ። ድሬ ላይ ጠጠር የበዛው በዚሁ ውሃ ነው የሚል የቆየ እምነት አለ። ነርሷ በ27 መለሰች። በቆላ ሰው ብዙ ያልበዋል፣ ትንሽ ይሸናል፣ ሽንቱ ይወፍራል። ትልቁ ጥፋት ውሃ አለመጠጣት ነው። ካልሲየምን ከምግብ መቀነስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ያብሳል፤ አንጀት ውስጥ ኦክሳሌት የሚባለውን ጠጠር ሠሪ ንጥረ ነገር የሚይዘው ካልሲየም ነው፣ እሱ ሲጎድል ኦክሳሌቱ በደም ወደ ኩላሊት ይሄዳል። የጠጠሩ ሕመም ራሱ ከልሙጥ ጡንቻ ነው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ ጠጠሩን ለመግፋት ይጨማደዳል፤ ሰውን መሬት ላይ የሚያንከባልለው እሱ ነው። ስለዚህ ወሬው ከርዕሱ ወጣ ስንል አልወጣም ነበር።

ቁጥር 28 አዋላጅ ነች። አጭርና ጥሩ ጻፈች። በወሊድ ክፍል ኒፈዲፒን ያለጊዜው የመጣ ምጥን ለማዘግየት ይሰጣል፤ ማሕፀንም ልሙጥ ጡንቻ ነውና። ካልሲየም ያነሰው ምግብ ለሚበሉ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ካልሲየም እንዲጨመርላቸው ይመክራል፣ በእርግዝና የሚመጣውን አደገኛ ግፊት ለመቀነስ። በአንድ ክፍል ውስጥ የካልሲየም በር የሚዘጋ መድኃኒትና ካልሲየም ራሱ ለጤና ይሰጣሉ። ቁጥር 4 ላይ የነበረው ሰውዬ ይህን ላይክ አድርጎታል። በኔ ሚዛን ይህ የክሩ ትልቁ ድል ነው።

ቁጥር 29 ሶማሌ ነው፣ ከአያቱ የሰማውን አመጣ። ዋባዮ ከሚሉት ዛፍ የሚቀመም የቀስት መርዝ ነበር። መምህሩ በቁጥር 30 ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ዛፉ አኮካንቴራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ፈረንሳዊው አርኖ ከዚያ ዛፍ ዋቤን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለየ። እስከ ዛሬ በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ያንን የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ለማቆም የሚያገለግለው ይሄው ነው። ፓምፑ ሲቆም ሶዲየም ሴሉ ውስጥ ይጠራቀማል። ሶዲየም እያስገባ ካልሲየም የሚያስወጣ ሌላ ለዋጭ አለ፤ እሱም ሥራ ይፈታል። ካልሲየም ውስጥ ይከማቻል፣ ልብ ሥርዓቱን ያጣል። አውሬው የሚወድቀው በዚህ ነው። አንድ ሰው ቅጠሉ ለግፊት ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። ነርሷና ፋርማሲስቷ በአንድ ጊዜ ጮኹበት። ይገባዋል።

ቁጥር 33 ላይ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በክኒን ፈንታ የሚሸጥ ሰው ስልክ ቁጥሩን ለጠፈ። ፋርማሲስቷ ምን ያህል ሰው ክኒን አቁሞ በስትሮክ እንደሚመጣ ልትጽፍ ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። ልጥፉ ኋላ ተነሳ። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ይግባ፣ ማን ከለከለ።

ቁጥር 35 ከፋቿ ናት። አባባ ሁሉንም ተነቦላቸዋል። የቧንቧ ውሃ ተመለሱ፣ ወተቱንም። ሸሚንደፈር፣ ምድር ባቡሩ ላይ፣ ያረጀ ሰው ግን ጥያቄ አያልቅበትም፤ የፓምፑን ነዳጅ ማን እንደሚከፍል ጠይቁልኝ አሉ። መምህሩ ከምግብ የሚመጣ ኤቲፒ የሚባል ነዳጅ መሆኑን፣ ሰው አርፎ ተቀምጦ እንኳ ከሚፈጀው ጉልበት ሩብ ወይም አምስተኛው ገደማ ለሶዲየሙ ፓምፕ ብቻ እንደሚሄድ መለሰ። አባባ ይህን ሰምተው ምሳ ጠየቁ ተብሏል።

የመጨረሻው ቁምነገር ሰዓቱ ነው። ጠዋት ይዋጥ ወይስ ማታ? አምሎዲፒን ከደም እስከ ግማሹ ለመውጣት ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ጠዋትም ሆነ ማታ ይሠራል፣ ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ይሁን እንጂ። አንድ ቀን ከተረሳ በማግስቱ ሁለት አይዋጥም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ደግሞ የቆዳ ደም ሥሮች በራሳቸውም ስለሚሰፉ፣ አባባ ከአልጋ ሲነሱ ትንሽ ቁጭ ብለው ይነሱ። ጎረቤት ግፊት አለብኝ ቢልም ክኒን አይካፈል።